እብዱ ሰባት ቁጥር

ሰኞ፣ 2

ይህን ደብተር የገዛሁት ለእናቴ ነበር። የደንበኞቿን የወገብና የትከሻ ልክ የምትጽፍበት ስላለቀባት። እሷ ጋ ሳይደርስ እኔው አስቀረሁት። ለምን እንደሆነ እንጃ። አፌን የምከፍትበት ቦታ አጥቼ ይሆናል። እኔ! ሰፈር መንደሩ "ሬዲዮ" የሚለኝ ሴትዮ!

ዛሬም በሠራተኛ መኪናው ውስጥ ያው ክርክር ነው። ሹፌሩ የሬዲዮ ውይይቱን ከፍ አድርጎ ከፍቶታል። አንዱ "የጋዝ ማመንጫ ይተከል" ይላል። አንዷ "ፀሐይ በነፃ እየወጣችልን ጋዝ ምን ይሠራልናል?" ትላለች። ከመንግሥት ወገን የመጣው ሰውዬ ደግሞ "ሁሉም አያስፈልግም፤ ግድቡ ሦስት ሜትር ውሃ ቢጨመርበት መብራት መጥፋት ይቀራል። ግድባችን አለት ነው" አለ። መኪናው በሙሉ ዞሮ አየኝ።

"አንቺ እዚያ አይደለሽ የምትሠሪው? እውነት አለት ነው?" አለኝ ከኋላ የተቀመጠው።

"አለት ከየት አባቱ መጥቶ! የተጠቀጠቀ አፈር ነው። ቢሆንም ካንተ ጭንቅላት ይጠነክራል" አልኩት። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ውሃው ከዛሬ ጀምሮ ለሙከራ እየተሞላ ነው። በሳምንት ግማሽ ሜትር።

ረቡዕ፣ 4

ባለቤቴ ተረኛ ነው፤ ቤቱ ጭር ብሏል። ሥራዬን ለማያውቅ ሰው እንደምነግር አድርጌ ልጻፈው።

በግድቡ ገላ ውስጥ አሥራ ሁለት ቀጫጭን ቧንቧዎች ቁልቁል ተቀብረዋል። ሜትር ወደ ውስጥ እንለቃለን፤ ጫፉ ውሃ ሲነካ "ጢጥ" ይላል። ውሃው ከቧንቧው አፍ ስንት ሜትር ዝቅ ብሎ እንዳለ እንጽፋለን። ቁጥሩ ካነሰ ውሃው በአፈሩ ውስጥ ወደ ላይ እየወጣ ነው ማለት ነው። እሱ ደግሞ ደግ አይደለም። በቃ፣ እንጀራዬ ይኸው ነው። በቀን አሥራ ሁለት ጊዜ ጢጥ።

ሰባት ቁጥር ላይ ግን ጢጥ የለም። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት አንድ ገልባጭ መኪና አፉን ገጭቶ አጣመመውና ቁጥሩ ተዘበራረቀ። ይጠገን ብለን ጻፍን። ዝም። ደግመን ጻፍን። ዝም። ሰንጠረዡ ላይ ክፍት ቦታ ከተገኘ ደግሞ ዋናው መሥሪያ ቤት "ያልተሟላ" ብሎ ወረቀቱን ይመልሰዋል። ከዚያ አንድ ሰው ተነሥቶ "እስኪጠገን ድረስ የስድስትንና የስምንትን አይተን መካከሉን እንጻፍለት" አለ። እስኪጠገን። ይህን "ለሰባት ጎረቤት መስጠት" እንለዋለን። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ በመጀመሪያው ቀን የሚማረው እሱን ነው። ቧንቧውንም "እብዱ" አልነው።

ዛሬ አዲስ ሜትር መጣልን። ለሙከራ በሁሉም ላይ ለቀቅሁት፣ በእብዱም ጭምር። 8.20 አለ። ሰንጠረዡ ላይ የሰጠሁት 9.10 ነው።

እብድ ምን አይል ብዬ አለፍሁ።

ቅዳሜ፣ 7

ታች ሰፈር ወረድሁ፣ እናቴ ጋ። መብራት ከጠፋ ሁለት ቀኑ። የልብስ ስፌት ማሽኗን በጨርቅ ሸፍና የተማሪ ዩኒፎርም በእጇ ትሰፋለች። ሃያ ስምንት ኮሌታ! ጣቶቿን አየሁና ተናደድሁ።

"እማዬ፣ ለምን አትተዪውም?"

"ልጆቹ ራቁታቸውን ይሂዱ?"

ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤቷ ባትሪ ድንጋይ ሊበደር ብቅ አለ። መላጨት የጀመረው ደንበኛ ግማሽ ራሱን ይዞ ወንበር ላይ ቀርቶበታል። "እባክሽን ያንን ውሃ ቶሎ ሙሉትና ከዚህ ጉድ አውጡን" አለኝ። እናቴ ሳቀች። "እሷን አትነዝንዛት። እኔ በክረምት፣ ወንዙ ሲያጓራ፣ ልጄ እዚያ ላይ አለች እያልሁ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ" አለችው።

ከእናቴ በር እስከ ወንዙ አርባ እርምጃ ነው። ከዚህ በፊት ቆጥሬው አላውቅም ነበር።

ማክሰኞ፣ 10

እብዱ 7.95።

አንድ ባልዲ ውሃ አፈሰስሁበት። የታፈነ ቧንቧ ከሆነ ውሃው እዚያው ይቆማል። ጤነኛ ከሆነ አፈሩ ጠጥቶት ወደ ቦታው ይመለሳል። ማንም አላየኝም።

ረቡዕ፣ 11

ተመለሰ። 7.95። ልክ እንደ ትናንቱ።

ወይ ጉዴ። እብድ አይደለም።

ሐሙስ፣ 12

ለጋሼ ነገርሁት። ጋሼ አብሮኝ የሚያነብ ባልደረባዬ ነው፤ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ባልዲውን ስነግረው ሻዩን አስቀመጠ።

"ማን አፍስሺ አለሽ?" አለኝ።

"ምን ማለት ነው ማን አፍስሺ አለሽ?"

"ካላፈሰስሽ አታውቂም፤ ካላወቅሽ አትጠየቂም። አሁን አወቅሽ። እኔንም አሳወቅሽኝ።" ተነሥቶ ሄደ። ሻዩን እንኳ አልጨረሰውም።

ከሰዓት ኃላፊያችን አስጠራኝ። "አይዞን" ነው የምንለው፤ ጣራው ቢደረመስ "አይዞን" ከማለት አይመለስም። በሚቀጥለው ወር በ3 በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ የሕዝብ ውይይት አለ። የአሥራ አንድ ዓመቱ የንባብ ሰንጠረዥ ይቀርባል፤ ዋና አንባቢ ነኝና ፊርማዬ ያስፈልጋል።

"ሰባት ላይ ውሃው ትንሽ ከፍ ብሏል" አልኩት።

"ያ እብዱ አይደል?" ብሎ ሳቀ።

"አዎ፣ እብዱ" አልኩ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ምነው ያን ጊዜ ጥርሴ በረገፈ!

እሑድ፣ 15

ባለቤቴ ታች ሰፈር ጤና ጣቢያ ነርስ ነው፣ ማዋለጃ ክፍል። ዛሬ ሲመጣ ጫማውን ሳያወልቅ ቁጭ አለ። ትናንት መብራት ሲጠፋ አንዲት እናት ደም እየፈሰሳት፣ ስልኩን በጥርሱ ነክሶ በስልክ ብርሃን ሰፍቷታል። ተርፋለች።

"ይሙሉት! እስከ አፉ ይሙሉት!" አለ። "እዚያ አዳራሽ ገብቶ ስለ ወፎችና ስለ ዓሣ የሚከራከር ካለ ለአንድ ቀን ተረኝነት ይምጣልኝ።"

ውሃ አቀረብሁለት። ሰው ልክ ሲሆን መልስ መስጠት ከባድ ነው።

ደግሞ አንድ ቧንቧ ነው። ከአሥራ ሁለት አንድ። አሥራ አንዱ ደህና ናቸው።

ሰኞ፣ 16

ፈረምሁ።

7.40።

ሐሙስ፣ 19

እናቴን እኔ ቤት አመጣኋት። ቤቴ ኮረብታው ላይ ነው፤ አየሩም ደረቅ ነው። ምክንያቱ ጉልበቷ ነው። በክረምት እርጥበት ያንን ጉልበት ምን እንደሚያደርገው ሁሉም ያውቃል። ጣራዋም ያፈሳል። ብቻዋን መሆኗም ልክ አልነበረም፤ ይህን ዱሮ ማድረግ ነበረብኝ። የትኛዋም ልጅ የምታደርገው ነው።

"ለስንት ቀን ነው?" አለችኝ። "ክረምቱ እስኪወጣ" አልኳት። "ጉልበቴን አልታመምሁም እኮ" አለች። "ሊያምሽ ነው" አልኳት።

ማሽኗን ፀጉር አስተካካዩ ተሸክሞ መኪና ላይ ጫነልን። ሚስቱ የእናቴን ማሰሮዎች በየጨርቁ ጠቀለለችላት። ልጃቸው የበሩን ቁልፍ ተረከበች፤ አበቦቹን ውሃ ታጠጣለች። "እግዜር ይስጥልኝ" አልኳቸው። ፀጉር አስተካካዩ ላቡን እየጠረገ "ምን አደረግን፣ ጎረቤት ለዚህ አይደል?" አለኝ።

ምክንያቱ ጉልበቷ ነው።

ቅዳሜ፣ 21

ሠራተኛ መኪና ውስጥ፣ ከኋላዬ፣ በሹክሹክታ፦ "የግድቧ ሴትዮ እናቷን ወደ ላይ አወጣቻት አሉ።"

ዞር አልኩ። "እናትን ማስጠጋት ወንጀል ሆነ? አንተ እናትህን የት አኑረሃት ነው?" አልኩት። ዛሬ የሳቀ የለም።

ማክሰኞ፣ 24

6.60። ለሰባት ጎረቤት ብዬ የሰጠሁት፦ 9.05። ሁለቱንም የጻፈችው አንድ እጅ ናት።

ከግድቡ ግርጌ የምትወጣ ቀጭን ምንጭ አለች፤ ሁልጊዜም ነበረች፣ ጥፋት የለባትም። ጥርት ያለች ናት። ዛሬ ግን ደፍርሳለች። መደፍረሷ ነው የሚያስፈራው፤ ውሃው ከደፈረሰ አፈሩን ይዞ እየወጣ ነው፣ ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነው ማለት ነው። በብርጭቆ ቀዳሁና ክዳን አድርጌ ቤት ወሰድሁት። ኩሽና መስኮት ላይ ሳሳድረው ከሥሩ ክር የምታህል ጭቃ ተኛች።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ሐሙስ፣ 26

ከሥራ ስመለስ እናቴ ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ከፊቱ ቁጭ ብላለች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ውሃ ነዋ።"

"ውሃ መሆኑንማ አየሁ። ቤት ውስጥ በክዳን የሚቀመጥ ምን ዓይነት ውሃ ነው?" ቦርሳዬን አወረድሁ። "ጉልበቴን መቼ አመመኝ? እኔ ሰው በር ሲገባ አይቼ የወገቡን ልክ አውቃለሁ። አንቺ ካመጣሽኝ ጀምሮ ከስተሻል። ንገሪኝ።"

ነገርኋት። ሁሉንም። ባልዲውን፣ ጎረቤት መስጠቱን፣ ፊርማውን። ያ "እስኪጠገን" ያለው ሰው እኔ መሆኔንም። አዎ፣ እኔ ነኝ። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ ብልጥ የሆንሁ መስሎኝ ነበር። ሦስት አዳዲስ ሠራተኞችን ያስተማርሁትም እኔ ነኝ።

ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ ድምፅዋ እንዲያውም ዝቅ አለ።

"ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ" አለች። "ለእኔ ቆረስሽ። ማሽኔን የተሸከመው ሰው ዛሬ የት ነው የሚተኛው?"

"እማዬ..."

"ቁልፌን የያዘችውስ ልጅ? ሰው 'ሬዲዮ' ይልሻል። ባትሪ ጨርሰሻል እንዴ? ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል። የዚህ ነገር ባለቤቱ አንቺ ነሽ። ጩሂ።"

"ብጮህ ሥራዬን፣ ምናልባትም ራሴን ነው የማጣው። ሐሰት ጽፌያለሁ።"

"ታዲያ ቤቴ ደህና ከሆነ ቤቴ እገባለሁ። ደህና ካልሆነ ለሁላችንም ደህና አይደለም" ብላ ልብሷን ማጣጠፍ ጀመረች።

ዓርብ፣ 27

በመጀመሪያው መኪና ወረደች። በሩ ላይ ተጋድሜ ልከለክላት ነበር። እናትን እንዴት ይከለክሏል?

የወሰደችው መቀሷንና የልክ መለኪያ ሜትሯን ነው። "ማሽኑን ያን ሰው ደግሜ አላሸክመውም። ስትናገሪ ላኪልኝ" አለች።

ዘነበ። ቀኑን ሙሉ ዘነበ። 6.45።

ቅዳሜ፣ 28

ብርጭቆውን አይዞን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሁለት። አየው። አየኝ። መጀመሪያ በሩን ዘጋ።

"ከውይይቱ በኋላ እናየዋለን" አለ።

"ከውይይቱ በኋላ ውሃው ሌላ ግማሽ ሜትር ይጨምራል።"

"ሕዝብ ይደናገጣል። ደግሞ ምን ይዘሽ ነው የምትናገሪው? መዝገቡ ላይ ሰባት ደህና ነው። የጻፍሽው አንቺ፣ የፈረምሽው አንቺ። አሥራ አንድ ዓመት ዋሸሁ ልትዪ ነው?" ስልኩ ጮኸ፤ አላነሳውም። እሱም ሰው ነው፣ ከበላዩ የሚጮሁበት አሉ። "አይዞሽ" አለኝ፤ ከራሱ አፍ ሲሰማው እሱንም የገረመው ይመስለኛል።

ልክ ነው። መዝገቡ ሁሉ የጎረቤት ቁጥር ነው። የሰባት እውነተኛ ቁጥር ያለው በዚህ የእናቴ ደብተር ላይ ብቻ ነው።

ሰኞ፣ 30

ደብተሩን ልሰጣቸው ወሰንሁ። ግን ሁሉንም አይደለም። ቁጥሮቹን ይውሰዱ፤ የእናቴ ነገር የእነሱ ጉዳይ አይደለም። የ19ኙን ገጽ ልቆርጥ ምላጭና ማስመሪያ ይዤ ተቀመጥሁ። ማን ይህን ያነባል? "እናቷን አውጥታ እኛን ተወችን" ይሉኛል። ልክ ናቸው፣ እንደዚያው ነው ያደረግሁት። ጉልበቷን አላመማትም።

ገጹን ገለጥ ሳደርገው ጀርባው ላይ 6.60 አለ፤ የደፈረሰው ምንጭም እዚያው ነው። አንዱን ቆርጬ ሌላውን ማስቀረት አልችልም። ምላጩን መሳቢያ ውስጥ መለስሁት።

ማክሰኞ፣ 1

ለባለቤቴ ነገርሁት። አይቆጣም፣ የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

"መቼ ነው ያወቅሽው?" አለ።

"በ11።"

"እናትሽን በ19 አመጣሻት።"

"አዎ።"

"ጤና ጣቢያው ከወንዙ ስንት ነው?" አለ። ያውቀዋል፤ ከእኔ ሊሰማው ፈልጎ ነው። "እኔ በየቀኑ እዚያ ስወርድ ምሳዬን እየቋጠርሽ ሸኘሽኝ። ለእኔ የሚሆን የታመመ ጉልበት እንኳ አጣሽ?"

እሱን ማውጣት ማለት እሱ እንዲያውቅ ማድረግ ነበር፤ እሱ ካወቀ ደግሞ ዝም እንድል አይተወኝም ነበር። ይህን አልኩት። ከእውነቱ ሌላ የምለው አልነበረኝም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ "ሐሙስ አብሬሽ እገባለሁ። ግን ይቅር አልኩሽ ማለት አይደለም" አለ።

5.95።

ሐሙስ፣ 3

አዳራሹ ውስጥ ነኝ። ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው።

ሞልቷል። ቆመው ያሉም አሉ። የጋዙ ሰውዬ ተናገረ። የፀሐይዋ ሴትዮ ተናገረች፤ ጥሩ ተናገረች። ከዚያ የመንግሥቱ ሰው ሰንጠረዡን ግድግዳ ላይ በትልቁ አበራው። "አሥራ አንድ ዓመት! አንድም ቀን ያልተዛነፈ ንባብ!" ተጨበጨበ። ለመብራቱ ነው ያጨበጨቡት፣ አልፈርድባቸውም። ፀጉር አስተካካዩም አጨበጨበ። እናቴ ከሱ ጎን ሦስተኛው ረድፍ ላይ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋለች።

የሰባት መስመር እዚያ ግድግዳ ላይ እንዴት ቀጥ ይላል! ጋሼ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል።

እጄን አወጣሁ። አይዞን አየኝ። ሰብሳቢዋ ቆይ አለችኝ።

ብርጭቆው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ዛሬ ንጋት ላይ 5.70።

አሁን ስሜን ጠሩ።

ቅዳሜ፣ 12

መርማሪዎቹ ደብተሩን ቅጂ አስቀርተው በየገጹ ማኅተም መትተው ትናንት መለሱልኝ። እናቴን ያወጣሁበት ገጽ ላይ ማኅተሙ ከሌላው ደምቆ ወጥቷል።

ያን ዕለት አዳራሹ ውስጥ የ19ኙን ገጽ ሳነብ ፀጉር አስተካካዩ ተነሥቶ ወጣ። ሚስቱ ግን ተቀምጣ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። በማግሥቱ መሐንዲሶች መጥተው ሰባት አካባቢ ቆፈሩ። ምን እንዳገኙ አልነገሩንም፤ ግን በዚያው ምሽት ታች ሰፈርን በሙሉ ኮረብታው ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት አወጡት፣ ማዋለጃ ክፍሉንም ጭምር። የግድቡ በሮች ተከፍተው ውሃው ሌት ተቀን እየተለቀቀ ነው። ስለዚህ መብራት በቀን ሦስት ሰዓት ብቻ ሆኗል። ዳቦ ቤት ስገባ አንዷ "ደስ ይበልሽ፣ አጨለምሽን" አለችኝ። ዳቦዬን ይዤ ወጣሁ። አይዞንም እኔም ምርመራው እስኪያልቅ ታግደናል። ስፈርድ በሱ ብቻ አልፈርድም። ይጠገን ብለን የጻፍናቸው ሁለት ደብዳቤዎች ግን እስካሁን "አልተገኙም"፤ እነሱን ማን እንደሚጠይቅ አላውቅም።

ባለቤቴ ምሳውን ራሱ እየቋጠረ ነው። ትናንት ግን ሲወጣ "እኔ ሄድኩ" አለኝ። ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልሁ።

ማሽኑን ለእናቴ ወሰድሁላት። ራሴ ተሸክሜ፣ ያንን ዳገት፤ ወገቤ ሁለት ቦታ ሊቆረጥ። ቤቴ ነይ አልኳት፤ "ጎረቤቶቼ እስካሉ እዚሁ ነኝ" አለች። አንድ ክፍል ውስጥ ለአሥራ አንድ ነው የሚተኙት። ፀጉር አስተካካዩ ጥግ ላይ የሰው ራስ እየላጨ ነበር። ቀና ብሎ አላየኝም። ማሽኑን ለማስቀመጥ ስታገል ግን መላጫውን አስቀምጦ መጣና አንዱን ወገን ያዘልኝ።

ጋሼ በየማለዳው ከግድቡ ይደውላል። ሰላምታ የለ፣ እንዴት አደርሽ የለ። ዛሬም ደወለ።

"ሰባት፣ 6.80" አለ።

"የጎረቤት ነው የራሱ?" አልኩት።

"የራሱ ነው" አለ።

ጻፍሁት።